ለየትኛው የልጅ ጥያቄ የትኛው ንድፈ ሐሳብ? ከፒያዤ እስከ ብሮንፈንብሬነር፣ ለወላጅና ለመምህር የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በመምህራን ኮሌጅ የልጆችን ሥነ ልቦና የተማረ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የስምና የቁጥር ሰልፍ ነው፤ የፒያዤ አራት ደረጃዎች፣ የኮልበርግ ስድስት፣ የኤሪክሰን ስምንት። ለፈተና ይሸመደዳል፤ ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ከዓመታት በኋላ መቀነስ ጨርሶ ያልገባት ተማሪ ፊቱ ስትቀመጥ ወይም ከአባቱ ጋር መነጋገር ያቆመ የ15 ዓመት ልጅ ሲያስጨንቀው፣ ከእነዚያ ስሞች የትኛው እንደሚረዳው አያውቅም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ንድፈ ሐሳቦቹን የተማርናቸው በተርታ ተደርድረው፣ ለአንድ ጥያቄ የቀረቡ ተፎካካሪ መልሶች መስለው ነው።

እነዚህ ሊቃውንት ግን የተነሱት ከተለያየ ጥያቄ ነው። አንዱ ልጅ እንዴት እንደሚያስብ ጠየቀ፤ ሌላው ከእናቱ ሲለይ ምን እንደሚሆን፤ ሌላው ደግሞ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ለምን በጉርምስና እንደሚበረታ። ስለዚህ «ትክክለኛው የማን ነው?» ብሎ መጀመር ሩቅ አያስኬድም። መጀመር ያለበት «ያስቸገረኝ ነገር ምንድን ነው? ለውጡንስ የምፈልገው ከየት ነው፤ ከልጁ አእምሮ፣ አጠገቡ ካለው ሰው ወይስ ከሚኖርበት ሁኔታ?» ከሚለው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርት አልገባው ላለ ልጅ፦ ፒያዤ ወይስ ቪጎትስኪ?

ዣን ፒያዤና ሌቭ ቪጎትስኪ የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ በ1896 ነው። ስዊዘርላንዳዊው ፒያዤ እስከ 1980 ኖሮ እጅግ ብዙ ጽፏል። ከዛሬዋ ቤላሩስ የተገኘውን ቪጎትስኪን ግን በ1934፣ በ37 ዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ቀጠፈው፤ ሥራውም በምዕራቡ ዓለም በሰፊው የታወቀው ከሞተ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ፒያዤ በወጣትነቱ ፓሪስ ውስጥ የልጆችን የማመዛዘን ችሎታ በሚለኩ ፈተናዎች ላይ ይሠራ ነበር። ሌሎች ትክክለኛ መልሶችን ሲቆጥሩ እሱን የሳበው የስህተቱ ዓይነት ነው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች በአንድ ዓይነት መንገድ ይሳሳታሉ። ከዚህ ተነስቶ ልጅ ከአዋቂ ያነሰ የሚያውቅ ብቻ ሳይሆን በሌላ ሥርዓት የሚያስብ ፍጡር ነው አለ።

ይህን እቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ውስጥ እኩል ውኃ ይቅዱና የአራት ዓመት ልጅ ፊት ያስቀምጡ። እኩል መሆናቸውን ይስማማል። አሁን ዓይኑ እያየ የአንዱን ውኃ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ይገልብጡትና እንደገና ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ ጣቱን ወደ ረጅሙ ቀስሮ «ይኼ ይበልጣል» ይላል። ውኃውን ወደ ቀድሞው ብርጭቆ ሲመልሱት እኩል ይሆናል፤ ወደ ረጅሙ ሲገለብጡት እንደገና ይበልጣል። ልጁ ቅራኔውን ልብ አይልም። ከፍታውን ሲያይ ስፋቱን ይተዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ገና አልቻለም። ሰባት ዓመት አካባቢ ሲደርስ ይኸው ልጅ «ምን ጨመርክበትና?» ብሎ መልሶ ይጠይቃል።

አራቱ ደረጃዎች ይህንን ጉዞ የሚከፋፍሉ ናቸው። እስከ 2 ዓመት ሕፃኑ ዓለምን በስሜት ሕዋሳቱና በእንቅስቃሴው ይማራል። ከ2 እስከ 7 ቋንቋና ምናብ ይኖረዋል፤ ግን ዓይኑን በሳበው አንድ ገጽታ ይያዛል። ከ7 እስከ 11 በሚጨበጥ ነገር ላይ በሥርዓት ያመዛዝናል። ከዚያ በኋላ «እንዲህ ቢሆንስ?» በሚል ረቂቅ ሐሳብ መራመድ ይጀምራል። በአገራችን አንደኛ ክፍል የሚጀመረው በ7 ዓመት ስለሆነ የአንደኛ ክፍል መምህር ፊት የሚቀመጡት ልጆች አብዛኞቹ በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ያሉ ናቸው። ቁጥር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት በባቄላ፣ በጠጠር ወይም በጠርሙስ ክዳን መቆጠር ያለበት ለዚህ ነው።

የፒያዤ ድክመት ያለው ዕድሜዎቹ ላይ ነው። ሕፃን ከዓይኑ የተሰወረ ነገር አሁንም እንዳለ የሚረዳው በ8 ወር ገደማ ነው ብሎ ነበር። ረኔ ቤያርዦንና ባልደረቦቿ በ1985 ባሳተሙት ጥናት ግን እጅ ዘርግቶ መፈለግን ትተው ሕፃናቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያዩ ብቻ ሲለኩ፣ የ5 ወር ሕፃናት የተሰወረው ነገር የሌለ የሚያስመስል፣ የማይሆን ነገር ሲሆን ረዘም ላለ ጊዜ አትኩረው ያዩ ነበር። በ1974 ደግሞ ጄምስ መጋሪግልና ማርጋሬት ዶናልድሰን የተደረደሩትን ጠጠሮች የሚበታትነው ጠያቂው ሳይሆን «ባለጌ» የድብ አሻንጉሊት እንዲሆን አደረጉ። ቁጥሩ እንዳልተለወጠ የተናገሩት ትንንሽ ልጆች በጣም ጨመሩ። አዋቂ ሰው አንድ ነገር ነካክቶ ያንኑ ጥያቄ ሲደግም ልጁ «መልስህን ቀይር እያለኝ ነው» ብሎ ያስባልና። ስለዚህ ደረጃዎቹን ስህተትን ለመረዳት ይጠቀሙባቸው እንጂ «ገና አልደረሰም» ብሎ ለመፍረድ አይጠቀሙባቸው። እንዲህ ዓይነቱ ፍርድ ተማሪዎችን ከኋላ ወንበር ሲያስቀር ይታያልና አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

ቪጎትስኪ ያነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ልጁ ብቻውን የሚችለውን ሳይሆን ሰው ሲያግዘው የሚችለውን ማየት ፈለገ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የቅርብ ዕድገት ክልል አለው። ሁለት ልጆች በፈተና እኩል 5 ቢያመጡ፣ በትንሽ ፍንጭ አንዱ 9 ሊደርስ ሌላው 6 ላይ ሊቀር ይችላል፤ የሚያስፈልጋቸውም ትምህርት አንድ አይደለም። እገዛው የልጁ አቅም እየጨመረ ሲሄድ እየቀነሰ መምጣት እንዳለበት በደንብ ያብራሩት ቆይተው የመጡት ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ በ1976 ናቸው።

የሁለቱ ልዩነት ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ትንሽ ነገር አለ። ከ13 ላይ 8 የምትቀንስ ልጅን ልብ ብለው ይመልከቱ። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ «አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ፣ አሥር…» እያለች ለራሷ ታንሾካሹካለች። ፒያዤ እንዲህ ያለውን ንግግር የሌላውን ሰው አስተያየት ገና ያላገናዘበ፣ ከዕድሜ ጋር የሚጠፋ ነገር አድርጎ አየው። ለቪጎትስኪ ግን ይህ ራስን የመምሪያ መሣሪያ ነው፤ ከሰው የተሰማ ቋንቋ ወደ ውስጥ ገብቶ ሐሳብ የሚሆንበት መንገድ ነው። የኋላ ጥናቶች ያጋደሉት ወደ ቪጎትስኪ ነው። «አታጉረምርሚ፣ ዝም ብለሽ ሥሪ» የሚል መምህር የልጅቷን መሣሪያ ከእጇ እየነጠቀ ነው።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ልጅ ጀማሪውን ያስቆጥራል፤ የኔታ ከሩቅ ሆነው ስህተቱን ብቻ ያርማሉ። ቪጎትስኪ ራሱ አጋዡ አዋቂ ብቻ ሳይሆን ከልጁ የተሻለ የሚችል እኩያም ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። ተማሪ በበዛበት ክፍል ለሚያስተምር መምህር ይህ ትልቅ መውጫ ነው።

የእኛን ልጆች በቀጥታ የነካ ማስረጃም አለ። በ1984 እና 1985 እንዲሁም በ1991 ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች በተለመደው የችሎታ ፈተና ሲመዘኑ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡ ነበር። ጄኔቭ ውስጥ ከፒያዤ ዘንድ የተማረው ሩቨን ፎየርስታይን ግን መምህሩ ከሄደበት መንገድ ወጣ። እየፈተኑ ማስተማር፣ ከዚያም ልጁ ምን ያህል እንደተለወጠ መለካት የሚል ዘዴ ገንብቶ ነበርና ዘዴው ለእነዚህ ልጆችም ዋለ። ዳዊድ ጹሪኤልና ባልደረባው በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ የአንደኛ ክፍል ልጆች መጀመሪያ እስራኤል ከተወለዱት እኩዮቻቸው በግልጽ አንሰው ተገኙ፤ አጭር የተመራ ትምህርት ካገኙ በኋላ ግን ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። የጎደላቸው ችሎታ ሳይሆን የፈተናው ልማድ ነበር። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ልጁ «ልዩ ድጋፍ ያስፈልገዋል» የተባለ ወላጅ ሁሉ ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ፤ «በፈተናው ወቅት ፍንጭ ሲሰጠው ምን አሳየ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ምርጫዬ ግልጽ ነው፤ ስህተቱን ለማንበብ ፒያዤ፣ ነገ ጠዋት ክፍል ውስጥ ምን ላድርግ ለሚል ቪጎትስኪ። አንዱን ብቻ ውሰድ ብባል ቪጎትስኪን እወስዳለሁ። የሚያስጠነቅቀው ነገር ቢኖር «እገዛ» በቀላሉ የልጁን ሥራ ወደ መሥራት መንሸራተቱ ነው። እርሳሱ በእርስዎ እጅ ከገባ ክልሉን አልፈዋል።

ለሕፃንና ከወላጁ ለተለየ ልጅ፦ ቦውልቢና አይንስዎርዝ

እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ በ1951 ለዓለም የጤና ድርጅት ባቀረበው ሪፖርት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤተሰብ ያጡ ልጆች ከምግብና ከመጠለያ ባሻገር የማይለዋወጥ አሳዳጊ እንደሚያስፈልጋቸው ተከራከረ። በኋላ የቁርኝት ንድፈ ሐሳብ የተባለው ከዚህ አደገ።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር የዚህ ንድፈ ሐሳብ የመጀመሪያ የመስክ ጥናት የተደረገው በአፍሪካ መሆኑን ነው። ሜሪ አይንስዎርዝ በ1954 እና 1955 በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች የ26 ቤተሰቦችን ሕፃናት እየተመላለሰች አየች። ሕፃኑ እናቱን መነሻ አድርጎ ርቆ ሲቃኝ፣ ሲደነግጥ ተመልሶ ሲለጠፍባት ያየችው እዚያ ነው። ወደ አሜሪካ ከሄደች በኋላ ባልቲሞር ውስጥ ባዘጋጀችው የ20 ደቂቃ ገደማ ምልከታ እናት ሕፃኗን ትታ ትወጣና ትመለሳለች። ዋናው መለኪያ ሕፃኑ ስትወጣ ማልቀሱ ሳይሆን ስትመለስ የሚያደርገው ነው፤ ተጽናንቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል፣ ይሸሻታል ወይስ እየተለጠፈ ይቆጣታል?

ይህ ምልከታ አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እህትና ጎረቤት ሕፃኑን በሚቀባበሉበት ቤት እንዳለ ቢወሰድ ያሳስታል። አንዲት እናት ብቻዋን የምታሳድገውን ልጅ ታሳቢ ያደረገ ነውና። ንድፈ ሐሳቡ ግን ለእኛ ዘመን አንድ ችግር የሚሰጠው ብርሃን ከሁሉም ይበልጣል፤ ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌት ወይም ቤይሩት የሄደች እናት ልጅ ጉዳይ። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ልጁ ከአያቱ ቀሚስ ኋላ ይደበቃል፤ ያመጣችለትን ልብስ ተቀብሎ እሷን ግን አያያትም። ቤተሰቡ «እናቱን ረሳ» ይላል፤ እናትየዋም ልቧ ይሰበራል። የቦውልቢ ባልደረባ ጄምስ ሮበርትሰን ሆስፒታል ከተኙ ትንንሽ ልጆች ያየው ይህንኑ ነው። ልጁ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ በሐዘን ይኮማተራል፣ በመጨረሻ የማይፈልግ ይመስላል። አለመፈለጉ ግን ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው።

የሚከተለው ምክር ከዚህ ይመነጫል። ልጁ ተኝቶ ሳለ ተሰውሮ መሄድ አይገባም። እስከ መጨረሻው አብራው የምትቆይ አንዲት አሳዳጊ አስቀድማ ትላመደው፤ ከአክስት ወደ አክስት አይዛወር። እናት ስትመለስ ከአያት ነጥቃ ሳይሆን አያት ባለችበት ቀስ እያለች ትቅረበው። ቡካሬስት ውስጥ ከ2000 ጀምሮ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ የነበሩ 136 ልጆችን የተከታተለው ጥናት፣ ቤተሰብ ውስጥ የተመደቡት ልጆች በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት በተሻለ ሁኔታ ማገገማቸውን አሳይቷል። ጊዜ ዋጋ አለው፤ የዘገየ ግን አበቃለት ማለት አይደለም።

በዚህ ዕድሜ ኤሪክሰንም «መተማመን ወይስ አለመተማመን» የሚል ደረጃ አለው። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ምን ማድረግ እንዳለብዎ ብዙም አይነግርም፤ ለሕፃን ቦውልቢንና አይንስዎርዝን ይምረጡ።

ለጎረምሳ፦ ኤሪክሰን፣ ከነማርሲያ

ለአፍላ ወጣት ግን ተቃራኒው ነው። ኤሪክ ኤሪክሰን በ1902 ፍራንክፈርት ተወለደ፤ ወላጅ አባቱን አያውቅም። እናቱ ዴንማርካዊት አይሁዳዊት፣ እሱ ረጅምና ወርቃማ ፀጉር ያለው ነበርና በምኩራብ እንደ ባዕድ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ እንደ አይሁዳዊ ታየ። የማንነት ቀውስ የሚለውን ሐሳብ የሰጠን ሰው ችግሩን በራሱ ኖሮታል። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ እቤት በአማርኛ የሚቆጡት፣ ውጭ ደግሞ በቆዳው ቀለም የሚመድቡት ልጅ ያለበት ቦታ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ኤሪክሰን በ1950 ያሳተማቸው ስምንት ደረጃዎች ከልደት እስከ እርጅና ይዘልቃሉ፤ ለጉርምስና የሚያገለግለው አምስተኛው፣ ማንነት ወይስ የሚና መደናገር የሚለው ነው። ብቻውን ሲወሰድ ሰፊና ለመለካት የሚያስቸግር ነው። ስለዚህ በ1966 ጄምስ ማርሲያ ካሳተመው ጋር አብሮ መወሰድ አለበት። ማርሲያ ሁለት ነገር ጠየቀ፤ ወጣቱ አማራጮችን ፈትሿል? ወስኗልስ? ካልፈተሸም ካልወሰነም ባክኗል። ፈትሾ ከወሰነ ማንነቱን ይዟል። እየፈተሸ ያለው በፍለጋ ላይ ነው። ሳይፈትሽ የወሰነው ደግሞ የሌላ ሰው ውሳኔ ተሸክሟል።

«ልጄ ሐኪም ነው የሚሆነው» በሚባልበት ቤት ያደገ፣ 12ኛ ክፍል እስኪደርስ ሌላ ነገር አስቦ የማያውቅ ልጅ የመጨረሻው ዓይነት ነው። ጎበዝ፣ ታዛዥ፣ ለወላጅ የማያስቸግር ልጅ ነው። የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር ግን የሚፈርሰው የትምህርት ዕቅዱ ብቻ አይሆንም፤ ማን እንደሆነ ራሱ ይጠፋዋል። በአንጻሩ ባለፈው ዓመት ኢንጂነሪንግ፣ ዘንድሮ ሙዚቃ፣ ከዚያ ደግሞ ምንኩስና እያለ ቤተሰቡን የሚያስጨንቀው ልጅ በማርሲያ ዓይን ጤናማ ሥራ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ግን ከማርሲያ እለያለሁ። ናሙናው የአሜሪካ የኮሌጅ ወንዶች ነበሩ፤ እዚያ ግለሰብ ብቻውን መወሰኑ እንደ ብስለት ይቆጠራል። በእኛ ዘንድ ቤተሰብ ያወረሰውን ሃይማኖት ወይም ሙያ በደስታ የያዘ ልጅ ሁሉ ጎዶሎ አይደለም። ልዩነቱን የሚያሳየው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ሌላ መንገድ ብትመርጥ እቤት ምን ይሆናል?» ልጁ አስቦ ከመለሰ ደህና ነው። ጥያቄው ራሱ ካስፈራው ሥራው የወላጅ ነው።

የኮልበርግን ስድስት የሥነ ምግባር ደረጃዎች ብዙ አልመክርም። የመነሻ ጥናቱ በወንዶች ብቻ የተሠራ በመሆኑ ካሮል ጊሊጋን በ1982 አጥብቃ ተችታዋለች፤ ልጅ «ለታመመች ሚስቱ መድኃኒት የሰረቀ ባል አጠፋ ወይ?» ለሚለው የኮልበርግ ጥያቄ በቃል የሚሰጠው ፍርድ ደግሞ ራሱ የሚያደርገውን አይነግርም። ለክፍል ውይይት ግን ጥሩ ማነሳሻ ነው።

ለጠባይ፦ ባንዱራ

ልጁ የሚማታ፣ የሚሳደብ ወይም የሚዋሽ ከሆነ ደረጃ መቁጠሩን ትተው አልበርት ባንዱራን ይውሰዱ። በ1961 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት 72 ልጆች ተሳትፈዋል። አዋቂ ሰው በአየር የተነፋ ትልቅ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩት ልጆች ድርጊቱን ከነንግግሩ ደገሙት። ለወላጅ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የ1965ቱ ተከታይ ሙከራ ነው። ደብዳቢው ሲቀጣ ያዩ ልጆች ያነሰ ኮረጁ። ሆኖም «ያየኸውን ብታሳየኝ ሽልማት አለህ» ሲባሉ ሁሉም እኩል አሳዩ። ቅጣት ድርጊቱን ደበቀው እንጂ ትምህርቱን አላጠፋውም። ልጁን በጥፊ እየመታ «ሰው አይመታም» የሚል አባት የሚያስተምረው ምን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ጥፋቱ ከልጁ ካልሆነስ? ብሮንፈንብሬነር

በ1917 ሞስኮ የተወለደው፣ አሜሪካ ያደገው ዩሪ ብሮንፈንብሬነር በ1979 ልጅን በክቦች መሐል አስቀመጠው። ቅርቡ ቤትና ትምህርት ቤት ነው፤ ቀጥሎ የእነዚህ የእርስ በርስ ግንኙነት፤ ከዚያ ልጁ የማይረግጠው ግን የሚነካው ቦታ፣ ለምሳሌ የአባቱ መሥሪያ ቤት፤ በስተመጨረሻ ሕግ፣ ልማድና የኑሮ ውድነት። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ የትኩረት ችግር አለበት ከመባሉ በፊት በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ቁርስ መብላቱን፣ ታክሲ ሲጠብቅ ምን ያህል እንደሚቆም ይጠየቅ። ደካማ ጎኑ ሁሉንም ስለሚያካትት ምኑን እንደሚለውጡ ለይቶ አለመናገሩ ነው። ለትምህርት ቤት አማካሪ፣ ለማኅበራዊ ሠራተኛና ለፖሊሲ ጥናት ግን ተመራጭ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች አራት አምስት ንድፈ ሐሳብ ባይደራርቡ ይሻላል። የጥናት ጥያቄያችሁ ስለ ድህነትና ስለ ዕድገት ከሆነ ብሮንፈንብሬነር ይበቃል፤ ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ ወደ 3000 ልጆች የተከታተለው የያንግ ላይቭስ ጥናት መረጃም ለተመራማሪዎች ክፍት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የምታጠኑ ከሆነ ማርሲያ የሚለካ ነገር ይሰጣችኋል። የአይንስዎርዝን ምልከታ ልዩ ሥልጠና ሳይወስዱና የአንድ ዓመት ገደማ ዕድሜ በሌላቸው ልጆች ላይ መጠቀም ግን ጥናቱን ከመነሻው ያበላሸዋል።

ከሁሉም ንድፈ ሐሳብ ውጭ የሚሆኑ ምልክቶችም አሉ። በ12 ወሩ ምንም የማይኮላተፍ፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል የማይናገር፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያጋጥም፣ ወይም በየትኛውም ዕድሜ ይናገረው የነበረውን ቋንቋ ያጣ ልጅ ሲገጥምዎ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» እያሉ አይጠብቁ። በቀጥታ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱት፤ መስማቱም በዚያው ይመርመር።